ያገለገለ ስኖ ፕላው ሃይድሮሊክ፦ ፓምፕ ከመቀየራችሁ በፊት

ያገለገለ ስኖ ፕላው (መኪና ፊት ላይ ተገጥሞ፣ በዘይት ግፊት በሚነሣና በሚዞር ብሌድ በረዶ የሚጠርግ መሣሪያ) የገዛ ሰው ብሌዱ አልነሳ ሲለው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ፓምፑን ነው። ፓምፑ ግን ብዙውን ጊዜ ጤነኛ ነው። ተፈልጎ ሲገኝ ጥፋተኛው የዛገ የባትሪ ኬብል፣ ጨው የበላው ሶኬት፣ ውሃ የገባበት ዘይት ወይም ቆሻሻ የያዘው ጣት የምታክል ቫልቭ ይሆናል። ፓምፕ ከሁሉም ውድ ስለሆነ መጨረሻ ላይ ይቀመጥ። ፍተሻው በዚህ ተራ ይሂድ፦ ጆሮ፣ ቮልት፣ ዘይት፣ ቫልቭ፣ ሆዝና ሲሊንደር፣ ከዚያ በኋላ ፓምፕ።

የምናወራው በሚኒያፖሊስ፣ በዴንቨር፣ በካልጋሪ ወይም በኤድመንተን ፒክአፕ ፊት ላይ ተገጥሞ የመኪና ማቆሚያና የቤት ደጃፍ ስለሚጠርገው፣ በ12 ቮልት ሞተር ስለሚሠራው ፕላው ነው። ያገለገለ ገበያ ላይ የሚበዙት ማየር፣ ዌስተርን፣ ፊሸርና ቦስ ናቸው። ዌስተርንና ፊሸር የአንድ ኩባንያ፣ የዳግላስ ዳይናሚክስ ስለሆኑ ብዙ የሃይድሮሊክ ዕቃ ይጋራሉ፤ አንዱ ሱቅ የለም ሲላችሁ በሌላው ስም መጠየቅ ያዋጣል። ቦስ ከ2014 ጀምሮ በቶሮ ሥር ነው። ፓምፑ ላይ ያለውን የሞዴልና የተከታታይ ቁጥር ፎቶ አንስታችሁ ስልካችሁ ውስጥ አስቀምጡ። ያለ እሱ ዕቃ ማዘዝ ቁማር ነው።

ስትገዙ

ሻጩ ከመድረሳችሁ በፊት ፕላውን አሠርቶ ካሞቀው ተጠራጠሩ። የሞቀ ዘይት ቀጥኖ ስለሚፈስ ብዙ በሽታ ይደብቃል። ከተቻለ ጠዋት፣ ብርድ ላይ፣ ሳይነካ እንዲቆይላችሁ ጠይቁ።

ብሌዱን እስከ ላይ አንሡና የሲሊንደሩ ዘንግ ላይ ወይም ጎኑ ባለው ብረት ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉ። የመኪናውን ሞተር አጥፉና 10 ደቂቃ ጠብቁ። ትንሽ መውረድ ያለ ነው፤ በዓይናችሁ እያያችሁት የሚወርድ ከሆነ ግን ቫልቭ ወይም ጎሚኒ (ዘይት እንዳያልፍ የሚዘጋው የጎማ ቀለበት) ይፈልጋል። ከዚያ ወደ ግራና ወደ ቀኝ አዙሩት። ዋናው ጉዳይ ፍጥነቱ ራሱ አይደለም፣ የሁለቱ ወገን ልዩነት ነው። አንዱ ወገን ፈጥኖ ሌላው ከዘገየ ፓምፑ አንድ ስለሆነ ጥፋቱ ፓምፑ ውስጥ አይደለም ማለት ነው። የብሌዱን ጫፍ በትከሻችሁ ግፉት፤ እንደ ስፕሪንግ ገባ ወጣ ካለ ውስጡ አየር አለ።

ቀጥሎ የሲሊንደሮቹን ዘንግ ሙሉ በሙሉ አውጥታችሁ ክሮሙ ላይ ጥፍራችሁን አስኪዱ። ጥፍር የሚይዝ ጉድጓድ ካለ አዲስ ጎሚኒ ብትገጥሙም ያው ዝገት ይቆርጠዋል። ይህ ከሻጩ ጋር ዋጋ ለመከራከር ጥሩ ምክንያት ነው። "ዘይት ብቻ ነው የሚጎድለው" ለሚል ሻጭ ደግሞ መልሱ አንድ ነው፦ ዝግ በሆነ ሲስተም ዘይት የሚጎድለው ሲያፈስ ነው፤ የሚያፈስበትን ቦታ ያሳይ።

ከመንካታችሁ በፊት

ብሌዱ መሬት ላይ ይቀመጥ። በተነሣ ብሌድ ሥር እጅም እግርም አይገባም፤ የያዘው አንድ ቫልቭ ብቻ ነው። የመኪናውን ሞተር ካጠፋችሁ በኋላ ቁልፉን ወደ ኦን መልሳችሁ መቆጣጠሪያውን ዝቅ ማድረጊያው ላይ ያዙ፤ የቀረው ግፊት ይለቀቃል። የማንሻው ዘንግ ካልገባ በእጅ ተጭናችሁ አስገቡት። ከዚያ ቁልፉን አውጡ።

የሚያፈስ ሆዝ በእጅ አይዳሰስም። በእነዚህ ሲስተሞች ውስጥ ያለው ግፊት ከ1,500 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) በላይ ይሄዳል፣ በዓይን ከማይታይ ቀዳዳ የሚወጣ ዘይት ጓንትና ቆዳ አልፎ ይገባል። ፍሳሽ የሚፈለገው በካርቶን ነው፦ ካርቶኑን በሆዙ አጠገብ ስታሳልፉት እርጥብ መስመር ይወጣበታል። ዘይት ቆዳ ውስጥ ከገባ ቁስሉ መርፌ የወጋው ያህል ቢመስልም፣ ባያምም፣ ሳይውል ሳያድር ድንገተኛ ክፍል መሄድና ዘይቱ በግፊት መግባቱን ለሐኪሙ መንገር ያስፈልጋል። ቀዶ ሕክምና የሚጠይቅ ጉዳት ነው፤ ሰው ጣቱን የሚያጣው "ትንሽ ናት" ብሎ ሲያድር ነው።

መጀመሪያ ስሙት

አንድ ሰው መቆጣጠሪያውን ይጫን፣ ሌላው ፓምፑ አጠገብ ቆሞ ይስማ። ምንም ድምፅ ከሌለ ፊውዝ፣ መቆጣጠሪያ ወይም ቀጭኑ ሽቦ ነው። ከኮፈኑ ሥር ቀጭ ብሎ ሞተሩ ካልዞረ የሞተር ሪሌዩ (መቆጣጠሪያው ሲታዘዝ የባትሪውን ኃይል ወደ ሞተሩ የሚያገናኘው ማብሪያ)፣ ወፍራሙ ኬብል ወይም ሞተሩ ራሱ ነው። ሞተሩ እያቃሰተ በዝግታ ከዞረ ቮልት አንሶታል ወይም ዘይቱ ወፍሯል። እያፏጨ በፍጥነት ዞሮ ብሌዱ ካልተንቀሳቀሰ ዘይት ጎድሏል፣ ማጣሪያው ተዘግቷል ወይም አየር እየሳበ ነው። ጥሩ ድምፅ እያሰማ፣ ሸክም እንደያዘ እየታወቀ፣ ብሌዱ ያላዘዛችሁትን ካደረገ ወይም ዝም ካለ ወደ ቫልቮቹ ሂዱ።

አንድ የተለየ ጉዳይ አለ፦ ጣታችሁን ካነሣችሁ በኋላም ሞተሩ መዞሩን ካላቆመ የሪሌዩ መዳቦች ተጣብቀዋል። መኪናውን ማጥፋት አይረዳም፤ ወፍራሙ ኬብል በቀጥታ ከባትሪ ነው የሚመጣው። ፊት ለፊት ያለውን ትልቁን ሶኬት ወዲያው ንቀሉ፣ አለዚያ ሞተሩ ይቃጠላል። ሪሌዩን በካቻቢቴ እጀታ መታ መታ ማድረግ ያላቅቀዋል፣ የዚያን ሌሊት ሥራም ያስጨርሳል፤ ከዚያ በኋላ ግን ይቀየር።

ቮልት

ይህ ክፍል ረዘም ይላል፤ አብዛኛው "የሃይድሮሊክ" ብልሽት የሚያልቀው እዚህ ስለሆነ ነው።

የፕላው ሞተር ሙሉ ሸክም ሲይዝ ከ150 እስከ 200 አምፔር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይስባል። በዚህ መጠን ትንሽ ዝገት እንኳ ብዙ ቮልት ይበላል። ሥራ ፈትቶ የተለካ ቮልት ምንም አይነግራችሁም፤ ዝገት የበላው ኬብልም ሸክም ሳይኖር 12.6 ያሳያል። መለካት ያለበት ሞተሩ ሲጨነቅ ነው።

ዘዴው እንዲህ ነው። መኪናውን አስነሡ፣ ብሌዱን ወደ ቀኝ ጥግ ድረስ አዙሩት። አሁን ረዳታችሁ የቀኙን ቁልፍ እንደገና ለ2 ሰከንድ ያህል ይያዝ። ብሌዱ መሄጃ ስለሌለው ፓምፑ በትርፍ ግፊት መልቀቂያው በኩል ያስተነፍሳል፣ ሞተሩም የመጨረሻውን አምፔር ይስባል። በዚያች 2 ሰከንድ ቴስተሩን መጀመሪያ በባትሪው ሁለት ተርሚናሎች ላይ፣ ቀጥሎ በሞተሩ ወፍራም ተርሚናልና በሞተሩ አካል መካከል ያዙ። በየመሐሉ ሞተሩን አሳርፉት።

ባትሪው ራሱ ከ10 በታች ከወረደ ባትሪው ደክሟል ወይም ዲናሞው አይሞላም፤ ፕላው ጥፋት የለበትም። ባትሪው 11.8 እያሳየ ሞተሩ ላይ 9 ብቻ ከደረሰ 2.8 ቮልት መንገድ ላይ ቀርቷል። ጤነኛ ሲስተም ውስጥ ይህ ልዩነት ከ1 ቮልት ብዙም አይበልጥም። የት እንደቀረ ለማወቅ ቴስተሩን በየክፍሉ ግራና ቀኝ አስቀምጡና ያንኑ ሸክም ድገሙ፦ ከባትሪው ፖዘቲቭ እስከ ሪሌዩ መግቢያ፣ በሪሌዩ ሁለት ትልልቅ ቡሎኖች መካከል፣ ከሪሌዩ መውጫ እስከ ሞተሩ፣ በመጨረሻም ከሞተሩ አካል እስከ ባትሪው ኔጌቲቭ። ሪሌዩ ላይ ከ0.3 ቮልት በላይ ካያችሁ መዳቦቹ ተቃጥለዋል። በማሳው (ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ በሚመለሰው መንገድ) በኩል ከግማሽ ቮልት በላይ ካያችሁ ደግሞ እሰየው፤ የሚድነው በሽቦ ብሩሽና በአዲስ ቡሎን ነው። ማሳውን ቀለም በተቀባ ሻሲ ላይ ያሰረ የቀድሞ ባለቤት ብዙ ስለሆነ፣ ኬብሉን በቀጥታ ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ መውሰድ ይሻላል።

ቴስተር ያልያዘ ሰው እጅ አለው። ብሌዱን 10 ጊዜ ያህል ካነሣችሁና ካወረዳችሁ በኋላ የኬብሉን ጫፎችና ትልቁን ሶኬት ዳስሱ። ከሌሎቹ ይልቅ የሚሞቀው ቦታ የሚያግደው ቦታ ነው። ሶኬቱ ውስጥ አረንጓዴ ዱቄት ካለ መንገድ ላይ የሚረጨው ካልሲየም ክሎራይድና ማግኒዥየም ክሎራይድ ሥራውን ጀምሯል። በሽቦ ብሩሽ አጽድታችሁ ለኤሌክትሪክ ሶኬት የተሠራውን ዳይኤሌክትሪክ ግራሶ ቀቡት። ፕላውን ባወለቃችሁ ቁጥር ሁለቱንም ወገን በክዳኑ መዝጋት የግድ ነው። ሽቦው ራሱ በፕላስቲኩ ሥር ጠቁሮ ከሆነ ግን ጽዳት አያድነውም፤ ኬብሉ ይቀየር።

ሞተሩ ጭራሽ ካልዞረና ሪሌዩ ቀጭ ካለ፣ ብሌዱ አካባቢ ሰው እንደሌለ አረጋግጣችሁ የሪሌዩን ሁለት ትልልቅ ቡሎኖች በወፍራም ጃምፐር ለአፍታ አገናኙ። ብልጭታ ስለሚኖር የዓይን መከላከያ አድርጉ። ሞተሩ ከተነሣ ሪሌዩ ነው፣ ርካሽ ዕቃ። ካልተነሣ ከሌላ ባትሪ በቀጥታ ሞተሩ ላይ ሞክሩ፤ አሁንም ዝም ካለ የሞተሩ ካርቦኖች አልቀዋል ወይም ውሃ ገብቶ ዝጓል።

ዘይት

የዘይቱ ቀለም በራሱ አያሳስብም፤ አምራቾቹ የተለያየ ቀለም ያስገባሉ፣ የቀድሞው ባለቤት ደግሞ ቀይ የካምቢዮ ዘይት ጨምሮ ሊሆን ይችላል። የሚታየው ጥራቱ ነው። ወተት የመሰለ ከሆነ ውሃ ገብቷል። ጠቁሮ የተቃጠለ ሽታ ካለው ሞተሩና ፓምፑ ሲሰቃዩ ኖረዋል። አረፋ ከበዛበት አየር ይስባል። ከተጠራጠራችሁ ጥቂት ጠብታ በጋለ ብረት ላይ ጣሉ፤ ውሃ ያለበት ዘይት ይንጫጫል።

ውሃ ያለበት ፕላው ልዩ ጠባይ አለው። ጋራዥ ውስጥ ሙሉ ጤነኛ ነው፤ ደጅ ወጥቶ ብርዱ ሲጠና ይዘገያል፣ ከዚያ ያፏጫል፣ ከዚያ ይቆማል። ተጎትቶ ጋራዥ ሲገባ እንደገና ይድናል። ታንኩ ሥር የተቀመጠው ውሃ በፓምፑ መሳቢያ ማጣሪያ ላይ በረዶ ሆኖ ስለሚዘጋው ነው። በዚህ ምልክት ብቻ ስንት ደህና ፓምፕ ተጥሏል።

የሚገባው ዘይት ለፕላው የተሠራ፣ በብርድ የማይወፍር መሆን አለበት። የዌስተርን ዘይት ለምሳሌ እስከ 25 ፋራናይት ከዜሮ በታች፣ ማለትም እስከ 32 ሴንቲግሬድ ከዜሮ በታች እንዲፈስ የተሠራ ነው። የዚህ ዓይነት ዘይት የውፍረት ቁጥሩ 15 አካባቢ ነው። ለትራክተርና ለዶዘር የሚሸጠው 46 ቁጥር ዘይት በጥር ጠዋት ማር ይሆንና ሞተሩን ያቃጥላል። የፍሬን ዘይት ፈጽሞ አይገባም፤ ጎሚኒዎቹን ያሳብጣል፣ ከዚያ ሲስተሙን በሙሉ ፈትቶ ማደስ ይመጣል። በፊት ምን እንደገባ ካላወቃችሁ መቀላቀሉን ትታችሁ ሁሉንም አፍስሱ።

ዘይት የሚቀየረው በየዓመቱ ነው፣ ጊዜውም የበረዶው ወቅት ሲያልቅ፣ በሚያዝያ አካባቢ ይሁን። ብዙ ሰው በጥቅምት ይቀይራል፤ ውሃው በጋውን ሙሉ ፓምፑ ውስጥ ተቀምጦ ካዛገ በኋላ ማለት ነው። አቀያየሩ እንዲህ ነው፦

1. ብሌዱ መሬት ላይ፣ የማንሻው ዘንግ ሙሉ በሙሉ ገብቶ ይሁን። ዘንጉ ወጥቶ ሳለ ታንኩን ከሞላችሁ ሲገባ ዘይቱ በክዳኑ ይገነፍላል።
2. የታንኩን ዘይት በማፍሰሻው አውጡ፤ ማፍሰሻ ከሌለው በእጅ መሳቢያ ሳቡት።
3. የማዞሪያ ሲሊንደሮቹን ሆዞች ከፓምፑ ላይ ፍቱና ባልዲ ውስጥ አድርጉ። ብሌዱን በእጅ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ግፉት፣ ሲሊንደሮቹ ውስጥ ያለው ይወጣል። ይህን የሚዘል ሰው ከአሮጌው ዘይት ትልቁን ድርሻ እዚያው ይተወዋል። ፓምፑን ባዶውን አታዙሩት።
4. መሳቢያ ማጣሪያውን አውጥታችሁ በነጭ ጋዝ (ኬሮሲን) እጠቡ። ታንኩ ሥር ያለውን ጭቃ ክር በማይለቅ ጨርቅ ጥረጉ፤ የተተወ ክር ቫልቭ ውስጥ ይገባል። በማጣሪያው ላይ የሚያብረቀርቅ የብረት ዱቄት ካያችሁ ፓምፑ እየተበላ ነው።
5. ሆዞቹን መልሳችሁ አዲሱን ዘይት ሙሉ። የተለመደው ቀጥ ያለ ብሌድ በአጠቃላይ ከ2 እስከ 4 ሊትር ይወስዳል። እስከ አፉ አትሙሉት፤ ጥቂት ሴንቲሜትር አየር ይቅር።
6. ክዳኑን ላላ አድርጋችሁ መጀመሪያ ግራና ቀኝ 10 ጊዜ አዙሩ፣ ጨምሩ፣ ከዚያ ደጋግማችሁ አንሡና አውርዱ። አረፋው እንዲወጣ አሳድሩትና በማግስቱ እንደገና መጠኑን እዩ።

አሮጌውን ዘይት ብዙ የመኪና ዕቃ መሸጫዎችና የካውንቲ መቀበያዎች ይወስዱታል።

ቫልቭና ኮይል

ፓምፑ አንድ ነው፤ ዘይቱ ወዴት እንደሚሄድ የሚወስኑት ቫልቮቹ ናቸው። እያንዳንዱ ቫልቭ ላይ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ማግኔት የሚሆን ኮይል ተቀምጧል። የትኛው ትእዛዝ የትኛውን ቫልቭ እንደሚከፍት የሚያሳየው ሠንጠረዥ በየሞዴሉ መመሪያ አለ። ያን ሠንጠረዥ የያዘ ሰው ግማሹን ሥራ ጨርሷል።

ምሳሌ እንዲሆን ያገለገለ ገበያ ላይ የማይጠፋውን ማየር ኢ-47ን እንውሰድ። ሦስት ቫልቭ አለው። ኤ፣ ጥቁር ሽቦ፣ ያወርዳል። ቢ፣ ቀይ ሽቦ፣ ከሞተሩ ጋር ሆኖ ያነሣል። ሲ፣ አረንጓዴ ሽቦ፣ ከሞተሩ ጋር ሆኖ ወደ ግራ ያዞራል። ወደ ቀኝ ለማዞር ግን ምንም ኮይል አያስፈልግም፤ ሞተሩ ብቻውን ሲዞር ዘይቱ በተፈጥሮው ወደዚያ ይሄዳል።

ይህን ካወቃችሁ ፕላው ራሱ ይነግራችኋል። አንሣ ብላችሁት ወደ ቀኝ ከዞረ ቢ ኮይል ወይም ቫልቭ አልሠራም። ወደ ግራ ብላችሁት ወደ ቀኝ ከሄደ ሲ ነው። ስታዞሩት አብሮ ከተነሣ ቢ ተከፍቶ ቀርቷል። ተነሥቶ አልወርድም ካለ ኤ ነው፤ ተነሥቶ መቆየት ካልቻለም መጀመሪያ የሚታየው ኤ ነው፣ ቆሻሻ ይዞት ሳይዘጋ ቀርቷል። ሦስቱም አንድ ላይ እንቢ ካሉ ሦስት ኮይል በአንድ ቀን አይሞትምና የጋራ ማሳውን ወይም የመቆጣጠሪያውን ሶኬት ፈልጉ።

ኮይሉን ከቫልቩ ለመለየት ቴስተር እንኳ አያስፈልግም። ረዳታችሁ ቁልፉን ሲጫን የካቻቢቴውን ጫፍ ወደ ኮይሉ ዳዶ አስጠጉ። ከሳበው ኮይሉ ማግኔት ሆኗል፣ ስለዚህ ችግሩ ቫልቩ ውስጥ ነው። ካልሳበው ሽቦው ላይ 12 ቮልት መምጣቱን ለኩ፤ መጥቶ ካልሳበ ኮይሉ ሞቷል። ነቅላችሁ ብትለኩት ጤነኛ ኮይል ከ5 እስከ 10 ኦም አካባቢ ያሳያል፤ ማለቂያ የሌለው ወይም ዜሮ ካሳየ ጣሉት።

ቫልቩን ለማውጣት ዳዶውን ፍቱ፣ ኮይሉን ሳቡ፣ ከዚያ ቫልቩን በትክክለኛ ቁልፍ አላቁ። ዙሪያውን አስቀድማችሁ በብሩሽና በነጭ ጋዝ አጽዱት፤ ቫልቩ ሲወጣ በአካባቢው ያለው አሸዋ ወደ ቀዳዳው ይወድቃል። የጎሚኒዎቹንና የነጭ ቀለበቶቹን ቅደም ተከተል ፎቶ አንሡ። በነጭ ጋዝ እጠቡት፣ ጫፉ በደነዘዘ ቀጭን ነገር የውስጡን ዘንግ ግፉት፤ ገብቶ በስፕሪንጉ ወዲያው መመለስ አለበት። የሚንከረፈፍ ከሆነ አዲስ ግዙ።

ስትመልሱት ጎሚኒዎቹን ዘይት ቀቡ። የኮይሉን ዳዶ በኃይል አትጥበቁት፤ ብዙዎቹ 5 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው የሚበቃቸው። ከዚያ ያለፈ ጉልበት የቫልቩን አንገት ይስበውና ዘንጉ ውስጡ ይያዛል። "ከቀየርኩት በኋላ ባሰበት" የሚባለው ብዙ ጊዜ ይህ ነው። በሃይድሮሊክ መጋጠሚያዎች ላይ ነጩን የቧንቧ ቴፕ አትጠቅልሉ። የሚዘጋው ሾጣጣው ብረት ወይም ጎሚኒው እንጂ ጥርሱ አይደለም፤ የተቆረጠ ቴፕ ደግሞ ተጉዞ ቫልቭ ይዘጋል።

ብሌዱ ቦታውን ካልያዘ

ወደ አንድ ወገን አዙራችሁ በረዶ ስትገፉ ብሌዱ ወደ ኋላ ከተመለሰ ሦስት ተጠርጣሪ አለ፦ አየር፣ ቫልቭ፣ ሲሊንደር። አየሩን ከላይ እንዳለው ደጋግሞ በማዞር አውጡት። ካልተሻለው ብሌዱን ወደ ጥግ አዙሩና ፈጣን መጋጠሚያ ያላቸውን ሆዞች ግፊት እንደለቀቃችሁ ንቀሉ፤ መጋጠሚያው ሲነቀል ዘይቱን ሲሊንደሩ ውስጥ ይቆልፈዋል። አሁን የብሌዱን ጫፍ በኃይል ግፉ። ከያዘ ዘይቱ የሚያመልጠው በፓምፑ ቫልቮች በኩል ነው። ካልያዘና ዘንጉ አንገት ላይ ዘይት ከታየ የሲሊንደሩ ጎሚኒ ነው። በሁለቱም አቅጣጫ በዘይት የሚሠሩ ሲሊንደሮች፣ ለምሳሌ ብዙ የቪ ቅርጽ ፕላዎች ላይ ያሉት፣ ውጭ ሳያንጠባጥቡ በፒስተኑ ጎሚኒ በኩል ውስጥ ለውስጥ ሊያሳልፉ ይችላሉ።

ፈጣኑ መጋጠሚያ ራሱ ሌላ ሕመም ያመጣል። እስከ መጨረሻው ካልገባ ውስጡ ያለው ኳስ መንገዱን ይዘጋል፣ ብሌዱም ወደ አንድ ወገን ሄዶ አልመለስም ይላል። ቫልቭ ከመፍታታችሁ በፊት መጋጠሚያዎቹን ነቅላችሁ ጠርጋችሁ እንደገና አስገቡ። አልገባም ካለ ዘይቱ ፀሐይ ላይ ሞቆ ግፊት ፈጥሮ ይሆናል፤ መዶሻ ሳይሆን ግፊቱን መልቀቅ ነው መፍትሔው።

ማዞሩ ብቻ ከከበደው ሆዞቹን ነቅላችሁ፣ ሲሊንደሮቹን ከፒናቸው አውልቃችሁ ብሌዱን በእጅ አዙሩት። በእጅም ከባድ ከሆነ የመሐሉ ትልቅ ፒን ደርቋል፤ ግራሶ እንጂ ሃይድሮሊክ አይደለም የጎደለው።

ሆዝና ሲሊንደር

ሆዙ ላይ የላይኛው ጎማ ተልጦ ሽቦው ከታየ ዛሬውኑ ይቀየር። ያበጠም እንዲሁ። አዲሱን ስትገጥሙ ብሌዱን እስከ ሁለቱም ጥግ አዙራችሁ የሚወጠርበትና የሚፋቅበት ቦታ እንደሌለ እዩ።

አሮጌ የማዞሪያ ሲሊንደር አንገቱ ላይ የሚጠብቅ ትልቅ ዳዶ ካለውና ከዚያ የሚያንጠባጥብ ከሆነ፣ ፍሳሹ እስኪቆም ቀስ በቀስ አጥብቁ፣ ከዚያ ቢበዛ ሩብ ዙር ጨምሩ። ከዚህ ካለፈ ጎሚኒው ዘንጉን ያንቀውና በአንድ የበረዶ ወቅት ውስጥ ያልቃል። ጎሚኒው ራሱ ሲቀየር አዲሱ ዘይት ተቀብቶ፣ ከንፈሩ ወደ ግፊቱ፣ ማለትም ወደ ሲሊንደሩ ውስጥ ዞሮ ይገባል። ክሮሙ ላይ ያለ ቀላል ዝገት በጣም ላመ የብርጭቆ ወረቀት በዘይት ይጠፋል። ዘንጉ ከታጠፈ ግን ጎሚኒ መቀየር ገንዘብ ማባከን ነው። የእግረኛ መንገድ ጠርዝ የመታ ፕላው ላይ መጀመሪያ የሚታየውም ይኸው ነው፤ ቀጥ ያለ ብረት አጠገቡ አስቀምጡና ብርሃን በመሐሉ የሚያልፍ ከሆነ አረጋግጡ።

ፓምፕና የግፊት መልቀቂያ

እስከዚህ ድረስ ቮልቱ ሙሉ፣ ዘይቱ አዲስ፣ ማጣሪያው ንጹሕ፣ ቫልቮቹ የሚሠሩ ከሆነና ብሌዱ አሁንም ደካማ ከሆነ የግፊት መለኪያ ተዋሱ። እስከ 3,000 ፒኤስአይ የሚያነብ መለኪያ በማዞሪያው ሆዝ ቦታ ግጠሙና ቁልፉን ለ2 ሰከንድ ያዙ። የሚጠበቀው ቁጥር በሞዴላችሁ መመሪያ ላይ ነው። ካነሰ የመልቀቂያውን ብሎን ስምንተኛ ዙር አጥብቃችሁ ደግማችሁ ለኩ። ቁጥሩ ከወጣ መልቀቂያው ብቻ ላልቶ ነበር። ብታጠብቁም ካልተንቀሳቀሰ፣ ወይም ዘይቱ ሲሞቅ የሚወርድ ከሆነ ፓምፑ አልቋል፤ አሁን ብትቀይሩት ያለ ጸጸት ነው። ያለ መለኪያ ይህን ብሎን የሚነካ ሰው ግን ሆዝ ያፈነዳል ወይም ሲሊንደር ያጥፋል። አዲስ ፓምፕ ሲገባ ታንኩም፣ ሆዞቹም፣ ሲሊንደሮቹም ታጥበው ይሁን፤ የአሮጌው ፓምፕ የብረት ዱቄት አዲሱን በጥቂት ሳምንት ይጨርሰዋል።

በሥራ ሌሊትና በበጋ

መኪናው ውስጥ የሚቀመጠው ዕቃ ብዙ አይደለም፦ ሁለት ሊትር ዘይት፣ ከየርዝመቱ አንድ ሆዝ፣ አንድ የሞተር ሪሌይ፣ ፊውዞች፣ ከየዓይነቱ አንድ ኮይል፣ አንድ ጥንድ ፈጣን መጋጠሚያ፣ ቴስተር፣ የሽቦ ብሩሽ፣ የዓይን መከላከያ። ሌሊት በረዶ ሲጥል ክፍት ሱቅ የለም። በየሥራው መሐል መቆጣጠሪያውን ጥግ ላይ ይዛችሁ አትቆዩ፤ ብሌዱ ከደረሰ በኋላ የምትጫኑት እያንዳንዱ ሰከንድ ሞተሩንና ዘይቱን ያሞቃል። ከቦታ ወደ ቦታ ስትሄዱም ብሌዱን የራዲያተሩን አየር በማይዘጋ ከፍታ ያዙት።

ወቅቱ ሲያልቅ፣ ዘይቱ ተቀይሮ፣ ሁሉም ዘንግ በተቻለ መጠን ይግባ። ውጭ የሚቀረውን ክሮም ግራሶ ቀቡት፤ በማዞሪያ ሲሊንደሮች አንዱ ሲገባ ሌላው ስለሚወጣ አንዱ ዘንግ ሁልጊዜ ውጭ ይቀራል፣ እሱ እንዳይረሳ። በጥቅምት ከመግጠማችሁ በፊት ያን ግራሶ ጥረጉት፣ አቧራ ይዞ ወደ ጎሚኒው እንዳይገባ። መጋጠሚያዎቹና ሶኬቶቹ በክዳናቸው ይዘጉ፤ ክዳኑ ከጠፋ ጥቂት ዶላር አውጥታችሁ ሌላ ግዙ፣ ጨርቅ አትወትፉበት፤ ጨርቅ እርጥበት ይይዛል።